ሰማያዊ ጨምርበት

ሰኞ 3

አታሚውን በጥፊ መታችው እየተባለ ነው። ሐሰት ነው። የመታሁት ጠረጴዛውን ነው፤ እሱንም በማስመሪያ። ማስመሪያው ተሰበረ እንጂ ሰው አልተጎዳም። ማስመሪያውም የራሴ ነበር።

ወሬውን ያመጣችው ታናሽ እህቴ ናት። ከዳቦ ቤት ስትመለስ ከዳቦው ጋር ወሬ ካልያዘች የወጣች አይመስላትም። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ "እትዬ፣ በሰባ ሰባት ዓመትሽ ሰው መምታት ጀመርሽ?" አለችኝ። ማን እንዳላት ብጠይቃት፣ "ተሰልፎ የነበረው ሁሉ" አለች። ስለዚህ የሆነውን በሥነ ሥርዓት እጽፋለሁ።

ቤተ መጻሕፍቱ በዓለም እጅግ ውድ የሆኑ ሥዕሎችን ለሕዝብ ሊያሳይ ነው። ዋናዎቹን አይደለም፤ ዋናዎቹን የሚጠብቅ ዘበኛ ከየት ይመጣል? አምስት ሥዕሎች በትክክለኛ መጠናቸው ታትመው ይሰቀላሉ። ሠላሳ አራት ዓመት ሥዕል ያስተማርኩ ነኝና ኃላፊዋ ሁለት ሥራ ሰጠችኝ፤ ከየሥዕሉ ጎን የሚለጠፈውን መግለጫ እንድጽፍ፣ ከማተሚያ ቤት የሚመጣውን ናሙና ቀለሙን አይቼ እንድፈርም። ያለ እኔ ፊርማ አንድም ሥዕል ግድግዳ አይነካም። በዚህ ከተማ ለቀለም ዓይን ያላት እኔ ነኝ ይባላል። ይህን የጀመርኩት እኔ አይደለሁም፤ አልተቃወምኩም እንጂ።

አታሚው የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ዛሬ የመጀመሪያውን ናሙና ዘረጋልኝ፤ ሁለቱን ካርታ ተጫዋቾች። የግራው ሰው አፉ ላይ የያዘው ፒፓ ነጭ ነው። ይህን ሥዕል ከመጻሕፍት አርባ ዓመት አውቀዋለሁ። ናሙናው ላይ ግን ፒፓውም ጠረጴዛውም ቅቤ የተቀቡ ይመስላሉ።

"ቢጫ ነው" አልኩት።

"ቲቸር፣ በማሽን ለክቼዋለሁ እኮ። ልክ ነው።"

"ማሽኑ ዓይን አለው?"

"የለውም።"

"እንግዲያስ ሰማያዊ ጨምርበት።"

"ትንሽ ነው ወይስ . . ."

ጠረጴዛውን የመታሁት እዚህ ላይ ነው።

ሐሙስ 6

እህቴ አንሶላ አጥባ አስጥታለች። ቢጫ ነው። ሳሙናው ርካሽ ይሆናል አልኳት። "በረዶ የመሰለውን!" ብላ አኮረፈች። ዓይኗ እየደከመ ነው፣ ምስኪን። ሐኪም እንድትታይ መክሬያታለሁ።

የካርታ ተጫዋቾቹን መግለጫ ጨረስኩ። እንዲህ ይላል፦ "ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በመካከላቸው የቆመው ጠርሙስ ሥዕሉን ለሁለት ይከፍለዋል። የግራው ሰው ቀጥ ብሏል፤ የቀኙ ጎንበስ ብሏል። አንዱ አንዱን አያይም፤ እኛንም አያዩንም። ሠዓሊው የሣለው ጨዋታውን ሳይሆን በጨዋታው ውስጥ ያለውን ዝምታ ነው።"

እህቴ አነበበችውና፣ "ማን እያሸነፈ እንደሆነ አልጻፍሽም" አለች።

ቅዳሜ 8

ኃላፊዋ ቢሮዋ አስጠራችኝ። ገና ሠላሳ አምስት አልሞላትም፤ ትሁት ናት፣ ታታሪ ናት፣ "እማማ" ትለኛለች። እናቷ አይደለሁም። መምህርት የሚባል ቃል ምን አደረጋት?

"እማማ፣ ዋጋው በትልቁ ይጻፍ" አለችኝ። "ሰው የሚመጣው ለዋጋው ነው።"

"ዋጋው የሚነግርሽ ስለ ገዢው ነው። ስለ ሥዕሉ አንድ ነገር አይነግርሽም።"

"እሺ፣ ታዲያ ርእሱን ምን እንበለው? ያልታወቁ ሥዕሎች?"

መልስ አላጣችም፤ ይህን ወደድኩላት። አንድ ሰዓት ተከራክረን ተስማማን። ዋጋው ከመግለጫው በታች ይጻፋል፤ ነገር ግን ትንሽ ክዳን ወረቀት ይለጠፍበታል። መጀመሪያ ምን እንደሚታይ ታነባለህ፣ ከዚያ ሥዕሉን ታያለህ፣ በመጨረሻ ክዳኑን ገልጠህ ትደነግጣለህ። ሥርዓት ማለት ይህ ነው።

ማታ ለእህቴ የመስታወት ኳስ የያዘውን መድኃኔዓለም ዋጋ ነገርኳት። ከአራት መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዶላር በላይ።

"ክፈፉንም ይጨምራል?" አለች።

እራትሽን ብዪ አልኳት። እውነቱን ለመናገር ግን አላውቀውም።

ስለ እሱ የጻፍኩት ይህ ነው፦ "ፊቱ ላይ መስመር ፈልጉ። አታገኙም። ብርሃኑ ወደ ጥላ የሚገባው ጭስ ወደ አየር እንደሚገባ ነው። ከዚያ ኳሱን እዩ። በእንዲህ ያለ ኳስ በኩል የሚታይ ልብስ መጣመም ነበረበት፤ አልተጣመመም። ሠዓሊው ተሳስቶ ነው ወይስ ሆን ብሎ? ሊቃውንቱ አልተስማሙም፤ እናንተም ባትስማሙ ምንም አይደል።" እህቴ ይህንን ወደደችው። ሊቃውንት የማይስማሙበት ነገር ሁልጊዜ ደስ ይላታል።

ማክሰኞ 11

ማተሚያ ቤት ነበርኩ። ከአምስቱ አንዱ የሆነው የሐኪሙ ሥዕል ናሙና ወጥቷል። ይህ ሰው ክርኑን ቀይ ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ ራሱን በእጁ ይዟል። ኮቱ ሰማያዊ፣ ከኋላው ያለው ሰማያዊ። ሰማያዊን በሰማያዊ ላይ አኑሮ ሰውየው እንዳይጠፋ ማድረግ፣ ጥበቡ ይኼ ነው። ናሙናው ላይ ግን ሁሉም ጭቃ ሆኖ አየሁት።

"ሰማያዊ ጨምርበት።"

"እሺ ቲቸር።"

"ጨምርበት አልኩህ እኮ።"

"ጨምሬ ነው ያመጣሁት፣ ቲቸር። ሁለተኛው ነው።"

"እንግዲያው ሦስተኛውን አምጣ።"

አልተከራከረም። አየኝና ወደ ማሽኑ ሄደ። ስወጣ ለሠራተኛው፣ "የመጀመሪያዎቹን እንዳትጥል፤ ጠቅልለህ ከኋላ አስቀምጥ" ሲል ሰማሁት። ከልጅነቱ ጀምሮ ምንም አይጥልም። ቦርሳው የተሰበረ እርሳስ መጋዘን ነበር።

አሁን ስጽፍ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመቱ ሳለ ሰማያዊ አህያ ሥሎ አመጣ። "ሰማያዊ አህያ የት አየህ?" አልኩት። "ጥላ ውስጥ ነው የቆመው፣ ቲቸር" አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ። ዜሮ ሰጠሁት፣ በቀይ። አህያ ግራጫ ነው። ዛሬ ለምን ትዝ እንዳለኝ አላውቅም።

ዓርብ 14

ፋታ የለም። ሁለት መግለጫ ቀርቷል።

የመተላለፊያው አምፖል ዙሪያውን ቀለበት ሠርቷል፤ ጥሩ ዕቃ ድሮ ቀረ። እህቴ አምፖሉን ለወጠችው። ቀለበቱ አለ።

ሻይ ስቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ፈሰሰ። ብርጭቆው ጠባብ ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አንዱን ሰውዬ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኩት፤ አልመለሰልኝም። ስለ ዘመኑ ሰው ሥርዓት ማጣት ለራሴ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ። ስጠጋ ማንጠልጠያ ላይ ያለ ካፖርት ነው። ማንም አላየኝም።

ሰኞ 17

ዛሬ አምስቱም ላይ ፈረምኩ። ሦስት ጊዜ አስመልሼዋለሁ፤ ነገር ግን አሁን ፒፓው ነጭ ነው፣ ሐኪሙም ሰማያዊ ነው። ወርቋ ሴት ደግሞ ግሩም። ቀሚሷና ወንበሯ በወርቁ ውስጥ ቀልጠው የቱ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም፤ ሰው የሆነው ፊቷና አንገቷ፣ እንዲሁም የተጠላለፉት እጆቿ ብቻ ናቸው። "ወርቁን አይታችሁ ስትጨርሱ እጆቿን እዩ፤ ባለጠጋ ሴት እንዲህ የምትጨነቀው ለምን ይሆን?" ብዬ ጽፌያለሁ።

የመጨረሻው ሐምራዊ፣ አረንጓዴና ቀይ ሰፋፊ ሜዳ ብቻ ያለበት ነው። እህቴ በመጽሐፍ አይታው፣ "ይህንንስ እኔም አልሠራውም?" አለች።

"ሥሪዋ።"

"ጉልበቴን ያመኛል እንጂ።"

ጠርዞቹን እንድታይ ነገርኳት። አንዱ ቀለም ሌላውን ሲነካ ቢላ የቆረጠው አይመስልም፤ የሚተነፍስ ይመስላል። ቀረብ ብላ አየች። "እውነትሽን ነው፤ ትንሽ ይንቀሳቀሳል" አለች። በሠላሳ አራት ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንዲህ ያለ መልስ የሰጡኝ በጣት ይቆጠራሉ።

ሐሙስ 20

ሥዕሎቹ ተሰቀሉ። ኃላፊዋ ልታያቸው ገባች። አታሚውም እኔም ነበርን።

መሃል አዳራሹ ቆመች። ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው እየዞረች አየች።

"እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?" አለች በመጨረሻ። "ካርታ እየተጫወቱ ነው ወይስ ከውኃ ወጥተው ነው? ይቺ ደግሞ ሻግታለች። ወርቅ አልነበረችም እንዴ?"

አታሚው መሬት መሬት ያያል።

"አንተን ነው እኮ! የዓመቱን ሥራ በሙሉ ሰጥተንህ፣ እማማ የፈረሙበትን ትተህ በርካሽ ባገኘኸው ሰማያዊ አትመህ አመጣህ? መክፈቻው ስምንት ቀን ነው የቀረው!"

እኔ ሥዕሎቹን ሳያቸው ምንም አልጎደላቸውም። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ስታፈጥ ዓይኗ ተበላሽቷል አልኩ፣ በልቤ። እሱ ወደ እኔ አንዴ ቀና ብሎ አየኝ። "አስተካክላለሁ" አለ። "ፈርመው ሰጥተውኝ ነው" አላለም። ይበል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለም።

ዓርብ 21

እህቴ ሥዕሎቹን አይታ መጣች። ምሳ ላይ ዝም አለች። እህቴ ምሳ ላይ ዝም ብላ አታውቅም።

"ተናገሪ" አልኳት።

"እትዬ፣ አትቆጪኝ።"

"ምን ሆነሻል?"

"ሰማያዊ ናቸው። ሁሉም። የመድኃኔዓለም ፊት እንኳ . . . ብርድ የመታው ይመስላል።"

"አንቺና እሷ ተማክራችኋል።"

"ከማን ጋር ነው የምማከረው! አንሶላውም ነጭ ነበር፣ እትዬ። ወተቱም ነጭ ነው። ትናንት ወተቱን ተበላሽቷል ብለሽ ደፋሽው፤ ጠዋት የገዛሁት ነበር።"

ተነሥቼ ክፍሌ ገባሁ። በሩን በኃይል አልዘጋሁም። ነፋስ ነው።

ቅዳሜ 22

ቁም ሣጥኑ ሥር ከተማሪነቴ ዘመን ጀምሮ ያስቀመጥኩት ካርድ አለ። የሥዕል መምህራችን ጥብቅ ሴት ነበሩ፤ ሃያ አራት ቀለም በተርታ እንቀባና ከያንዳንዱ በታች ስሙን በቀጭን ብዕር እንጽፍ ነበር። አንዷ ቀለም ከተሳሳተች ካርዱ በሙሉ ይደገማል። የእኔ አንድም ጊዜ አልተደገመም። ብርሃን ሳያገኘው በጥቁር ወረቀት ተጠቅልሎ ኖሯል።

ዛሬ በቀትር መስኮቱ አጠገብ ይዤው ቆምኩ። ጽሑፉን በእጄ ሸፈንኩና ቀለሞቹን ለራሴ ጠራሁ። ከዚያ እጄን አነሣሁ።

ነጭና የዝሆን ጥርስ፦ አንድ ናቸው።
ሐምራዊና ቡና፦ አንድ ናቸው።
ሰማያዊ ካልኳቸው አራት ውስጥ ሦስቱ አረንጓዴ ናቸው።

ጽሑፉ የእኔ ነው። ያኔ አልተሳሳትኩም። ቀለሙም አልተለወጠም።

ካርዱን መልሼ ጠቀለልኩት። አንሶላዬን አነጠፍኩ። እህቴ በሩን አንኳኩታ፣ "ምነው ጠፋሽ?" አለች። መዝገብ አስተካክላለሁ አልኳት። ዋሸሁ።

እሑድ 23

ዛሬ ምንም አላደረግሁም። ምክንያቶቹን ልጻፍ፦ እሑድ ነው፣ ቢሮ ዝግ ነው፣ ኃላፊዋ ታርፋለች፣ ዝናብ ያለ ይመስላል።

ዝናብ የለም።

ዳቦ ቤት እንደሚወራው ከሆነ አታሚው ነገ የውል ማፍረሻ ደብዳቤ ይሰጠዋል። ማተሚያ ቤቱን ከከፈተ ዓመት አልሞላውም። ያለ ቤተ መጻሕፍቱ ሥራ ማሽኑን ማቆየት አይችልም፤ ይህን ራሱ አንዴ ነግሮኛል፣ እኔም ቀለም ላይ አተኩር ብዬዋለሁ።

ስለ ቀለም እኔ ያላየሁትን ማን ያያል? ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር በዚህ ደብተር ስንት ጊዜ ጽፌው እንደሆነ ልቆጥር ወደ ኋላ ገለጥኩ። መቁጠሩን ተውኩት።

በትምህርት ቤታችን አንድ ሕግ ነበር። በአንቺ ጥፋት ሌላ ሰው በሰው ፊት ከተወቀሰ፣ በዚያው ሰው ፊት፣ ቆመሽ፣ እጅሽን ወደ ጎን አውርደሽ ትናገሪያለሽ። ቁጭ ብሎ የተነገረ አይቆጠርም። እኔም በተራዬ ስንቱን ልጅ አቁሜበታለሁ።

ሰኞ 24

ከበሩ መከፈት በፊት ደረስኩ። ካፖርቱን ዛሬ ሰላም አላልኩትም።

አታሚው ከኃላፊዋ ፊት ቆሟል። ደብዳቤው ጠረጴዛዋ ላይ ነው።

"ይቀመጡ እማማ።"

"ቆሜ ነው የምናገረው።"

እጄን ወደ ጎን አወረድኩ። እንዲህ አልኩ፦ "ሰማያዊ ጨምር ያልኩት እኔ ነኝ። የፈረምኩትም እኔ ነኝ። እሱም ማሽኑም ልክ ነበሩ። ቢጫ የሆነው የእኔ ዓይን ነው።"

ኃላፊዋ ብዕሯን አስቀመጠች። "ለምን ቀደም ብለው አልነገሩኝም?"

"አላወቅሁም ነበር። ከቅዳሜ ወዲህ ግን አውቄያለሁ። ስለዚህ ሁለቱን ቀን ለብቻው ቁጠሪብኝ።"

ደብዳቤውን አንሥታ ለሁለት ቀደደችና ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። "መክፈቻው ግን አራት ቀን ነው የቀረው" አለች።

"የመጀመሪያዎቹ አሉ" አለ አታሚው። "አምስቱም። ከኋላ ተጠቅልለዋል።"

ወደ እሱ ዞርኩ። "ልክ እንደሆንክ እያወቅህ ለምን አልተከራከርክም?"

"አንዴ ተከራክሬ ማስመሪያ ተሰበረ፣ ቲቸር።"

ኃላፊዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እየሳቀች እንደሆነ ገብቶኛል፤ እኔም ተውኳት።

ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ያዘኝ። አልተቆጣሁም። "እንዳንጥል ብለው ያስተማሩን እኮ እርስዎ ነዎት" አለኝ። "የመጀመሪያ ሥራ ከመጨረሻው ጋር እንዲተያይ ይቀመጣል ይሉ ነበር። ሰማያዊ አህያዬም አለ።"

"ዜሮ የሰጠሁህ?"

"ዜሮው ራሱ አለ። በቀይ።"

ዓርብ 28

አዳራሹ ጢም አለ። እህቴ በር ላይ ቆማ ለሚገባው ሁሉ ጠርዞቹን እዩ፣ ጠርዞቹን እዩ ትላለች፤ ስለየትኛው ሥዕል እንደሆነ ሳትናገር።

ክዳኖቹ ሥርዓት አላመጡም። ገና እንደገባ ሁሉም የሚሮጠው ክዳኑን ሊገልጥ ነው። አንድ ሰው ብቻ፣ ረዘም ያለ፣ ካርታ ተጫዋቾቹ ፊት ግማሽ ሰዓት ቆሞ ክዳኑን ሳይነካ ሄደ። ካፖርት ይሆን እንዴ ብዬ ሄጄ አረጋገጥኩ። ሰው ነው።

ኃላፊዋ ለእንግዶቹ ስታስተዋውቀኝ፣ "መምህርታችን" አለች። እንዳልሰማሁ ሆንኩ፤ እንድትደግመው።

ሥዕሎቹ ለእኔ ዛሬም ቢጫ ናቸው። ሰው ሁሉ ግን "አቤት ሰማያዊው!" እያለ ሐኪሙ ፊት ይቆማል። ከሰው ድምፅ ሰማሁት እንጂ አላየሁትም። አንድ ጥግ ይዤ ቆየሁ። ዓይኔ አለቀሰ፤ ከሞራው ነው።

ስሙ ይህ ነው፤ የዓይን ሞራ። ረቡዕ እህቴ የወሰደችኝ የዓይን ሐኪም ልጅ እግር ነው፣ እጁ ግን አይንቀጠቀጥም። "እናቴ፣ ስንት ዓመት ሆነዎት እንዲህ ሲያዩ?" ብሎ ጠየቀኝ። እህቴ ከኋላዬ ሆና፣ "አላየችም ነበር እኮ" አለች።

ማክሰኞ 2

ቀኝ ዓይኔ ዛሬ ታከመ። በፋሻ ተሸፍኗል። በግራው ነው የምጽፈው፣ በትላልቅ ፊደል፣ እንደ አንደኛ ክፍል። መስመሩ ከተጣመመ ይቅር።

አላመመኝም። ሐኪሙ ደጋግሞ አይንቀሳቀሱ አለኝ፤ እኔ ሳልታዘዝ የቀረሁበት ጊዜ የለም። እህቴ ግን ውጭ ሆና ሦስት ጊዜ አልቅሳ ሁለት ጊዜ ከዘበኛው ጋር ተጣልታለች።

አታሚው ሊጠይቀኝ መጥቶ አንድ ጥቅል ጥሎ ሄደ። አልከፈትኩትም። በዚህ ዓይን አይታይም።

ነገ ፋሻው ይነሣል። በቅደም ተከተል፦

አንደኛ፣ የቀለም ካርዴ። ጽሑፉን ሸፍኜ።

ሁለተኛ፣ አንሶላው። ነጭ ከሆነ እህቴን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ስለ ወተቱም ጭምር። ቆሜ።

ሦስተኛ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ በእህቴ ክንድ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ፤ ሰማያዊው በሰማያዊ ላይ ሳይጠፋ እንዴት እንደተቀመጠ ራሴ ላየው።

አይ። ቅደም ተከተሉ ተሳስቷል።

አንደኛ፣ ጥቅሉ ውስጥ ያለው አህያ። ጥላ ውስጥ ቆሞ ከሆነ ዜሮውን እሰርዛለሁ፤ ቀይ እርሳሴን ቀርጬ ከትራሴ አጠገብ አስቀምጫለሁ። ጥላ ውስጥ ካልቆመ ግን ዜሮው ዜሮ ነው።